ነጋሪት ጓዳ ውስጥ አይጎሰምም

በትርፍ ጊዜዬ የአንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ፕሮጀክት መመሪያዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰሞኑን የዶክመንቴሽን ፍሪዝ (የመመሪያዎቹ ጽሑፍ እንዳይነካ እገዳ) ታውጆ ኖሯል። የሰማሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። የታወጀው ፕሮግራመሮቹ በሚያወሩበት ቻት ላይ ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ «ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ቻቱን ይከታተላል» ብሎኝ አረፈ።

ይከታተላል? አዲስ አበባ ሲነጋጋ ካሊፎርኒያ ገና አመሻሹ ላይ ነው። እኔ ተኝቼ የተጻፈው ነገር ስነሳ በቀልድና በድመት ፎቶ ስር ተቀብሯል። ደግሞስ ፍሪዝ «ከዛሬ ጀምሮ ጽሑፉ አይነካም፣ ተርጓሚዎች ጨርሱ» ማለት አይደል? ኮዱን የሚጽፈው ሰውማ ቀኑን ያውቀዋል፤ የቆረጠውም እሱ ነው። ድሮ አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። እነዚህ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጎስመው ገበሬውን ለምን አልሰማህም ይላሉ።

ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጌትቴክስት በሚባለው የሶፍትዌር መተርጎሚያ መሣሪያ የሠራ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ላይ አንዲት ኮማ ብትጨመር የኔ ትርጉም ላይ «ፈዚ» (እንደገና ይታይ) የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። አይቼ እስካላጸደቅሁት ድረስ አንባቢው የሚያየው እንግሊዝኛውን ነው። ሰነድ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሙሉ አንቀጽ ነው። ለአንዲት ኮማ አንድ አንቀጽ አማርኛ ይጠፋል! የኛም የሆነው ይኸው ነው። ፍሪዙን ያልሰማ አንድ ቅን አርታኢ ገብቶ ኮማዎቹን አስተካከለ። እሱን አልወቅሰውም፤ እሱም ቻቱ ላይ የለም። የሁለት ሳምንት ማታዬ ግን ውሃ በላው።

ሌሎቹ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች እንዴት ይሠራሉ? ኡቡንቱ የሰነድ ፍሪዙን ቀን አዲስ እትም በሚወጣበት የጊዜ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ ያስቀምጠዋል። ግኖም ውስጥ ከፍሪዝ በኋላ ጽሑፍ መንካት የፈለገ ሰው የተርጓሚዎቹን ቡድን ፈቃድ ይጠይቃል። ዴቢያን ለማስታወቂያ ብቻ የተለየ የኢሜይል መስመር አለው፤ ወሬ አይገባበትም።

«ኢሜይል ማን ያነባል?» የሚሉም አሉ። እሺ፣ አሮጌ ነው። ግን እስክነቃ ይጠብቀኛል። ዳታ ገዝቼ እስክመለስም ይጠብቀኛል።

አስተባባሪው በመጨረሻ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንወያይበት» አለኝ። የት አልኩት።

ቻቱ ላይ።