ቡና ጠጡ፣ ድስት ግዙ

ሰሞኑን የቡና ጥሪ አዲስ ጠባይ አምጥቷል። «ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ፣ እንዳትቀሪ የኔ እናት» ይልና ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሌላ መልእክት ይከተለዋል፦ «ሰዓት ይከበር። ልጆች ባይመጡ ይመረጣል።» ሐበሻ ለቡና ጠርቶ «ሰዓት ይከበር» ካለ ከረከቦቱ ጀርባ ካታሎግ አለ፤ ቡናው የዕቃ ሽያጭ ነው ማለት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ ምልክቱ አንድ ነው፤ የፕላስቲክ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ተከምሯል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል። ሐበሻ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ከጠፋ ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሽያጭ።

ተጨማሪ ገቢ መፈለግን የምነቅፍበት አንጀት የለኝም። ሌሊቱን አረጋውያን ስትጦር አድራ ቀን ታክሲ የምትነዳ ሴት፣ ቅዳሜዋን ደግሞ ለድስት ብትሰጥ ማን ይፈርድባታል? የሚከነክነኝ ጥሪው ነው። «የድስት ሽያጭ አለ» ቢባል የሚመጣው ድስት የቸገረው ነው። «ቡና» ሲባል ዘመድ ይመጣል፤ ዘመድ ደግሞ የሰው ቡና ጠጥቶ ባዶ እጁን መውጣት ያንቀዋል።

ለነገሩ ቡናና ሽያጭ ለመጋባትም የተፈጠሩ አይደሉም። የአሜሪካኖቹ ዕቃ የሚሸጥበት የቤት ፓርቲ አጭር ነው፤ ጥቂት ጨዋታ፣ ዕቃ ማሳየት፣ ማዘዝ፣ ደህና ዋሉ። የእኛ ሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ ቡናው መቆላት አለበት፣ ቡናው ሲቆላ ደግሞ የአፓርታማው የጭስ አላርም ይጮኻል። ከዚያ አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ኮርኒሱ ሥር ነጠላ ታራግባለች፣ ሌላዋ መስኮት ትከፍታለች፣ ሻጯ የፈገግታ ልምምዷን አቋርጣ መጥረጊያ ፍለጋ ትሮጣለች። አላርሙን ፌስታል የሚያለብሱትም አሉ፤ ፌስታሉ ግን ሳይነሳ ይረሳና ቤቱ እውነት በተቃጠለ ቀን አላርሙ ዝም ይላል። ቡናውን ምድጃው ላይ፣ ከጭስ መሳቢያው ሥር፣ መስኮት አስቀድሞ ከፍቶ፣ ጥቂት በጥቂት መቁላት ነው መላው። ወይም ሰው ከመምጣቱ በፊት ቆልቶ መጨረስ፤ ሽታው ቢቀር ሽያጩ ይተርፋል።

የሚሸጠው ሽቶ ወይም ጠረን ያለው ሻማ ከሆነ ግን ነገሩ ይብሳል። ሽቶ ቤቶች አፍንጫ ያጸዳል ብለው የቡና ፍሬ በብርጭቆ ያስቀምጣሉ። እዚህ የሚቀርበው ፍሬው ሳይሆን ጭሱ ነው፣ እሱም ከነዕጣኑ። ዕጣን በሚጨስበት ቤት «ይቺ ላቬንደር ናት፣ ይቺኛዋ ቫኒላ» እያሉ የእጅ አንጓ ማሽተት ከንቱ ድካም ነው፤ ሁሉም ዕጣን ዕጣን ይላል። ሽቶ የሚሸጥ ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት ያስሸትት፣ አለዚያ የተገዛው ሽቶ ቤት ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኝና ስልኩ ይደወላል።

ጥሩ ሻጭ አቦልን አትነካም። አቦል የሰርግና የሐሜት ነው፤ በአቦል ድስት ያነሳች ሴት ጨዋታ ሰባሪ ተብላ ትቀራለች። ዕቃው በአቦልና በቶና መካከል ይታያል፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ካታሎጉም ያኔውኑ ይታደላል። የትእዛዝ ወረቀቱ በረካ ሳይቀዳ እጅ ላይ መድረስ አለበት፣ ምክንያቱም በበረካ ሁሉም ጫማውን መፈለግ ጀምሯል። ወረቀቱ አንድ ብቻ ሆኖ በየተራ ከዞረ ግን ልብ በሉ፤ ይህ የእስክርቢቶ ማነስ አይደለም። መጀመሪያ የሚደርሳት ሳሎኗን ለሻጯ የለቀቀችው የቤቱ እመቤት እህት ናት፣ እሷም የ85 ዶላሩን ትጽፋለች። ከእሷ ቀጥላ ወረቀቱ የደረሳት ሴት 85ቱን አይታ 12 ዶላር መጻፍ ያሳፍራታል። ወረቀት ለየብቻ የምታድል ሻጭ ካጋጠመች ጨዋ ናትና ከእሷ ግዙ።

ለማንኛውም ብልሆቹ ሻጮች ከ10 ዶላር የማትበልጥ አንዲት ዕቃ አያጡም። የድንች መላጫ፣ የጣሳ መክፈቻ፣ የአቮካዶ መቁረጫ። ይቺ ዕቃ የይሉኝታ መውጫ በር ናት። ሌላ መግዛት ያልፈለገች እሷን ይዛ ትወጣለች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉ አባቶቼ አፈሩ ይቅለላቸው! ከተረቶቻችን ሁሉ ይህችን የሚያህልብኝ የለም። ሦስት ቃል ናት፤ ግስ እንኳን በወጉ የላትም፣ ግን የስንቱን ሰው ቁም ሳጥን ታሪክ ጠቅልላ ይዛለች። ጎተራው ሳይጎድል ከጎረቤት ጤፍ የሚበደር ሰው ምን ነክቶት ነው? ሰፌዷ አምራበት? ጎረቤቱ «ውሰድ እንጂ» ብላው? አሜሪካ የጤፍ ብድር ቀርቷል፤ ዌይን ካርልሰን የሚባል ሰው በአሜሪካ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ዱቄቱ በ25 ፓውንድ ጆንያ ይገዛል። አመሉ ግን አልቀረም። ደግሞ ሳይቸግረው ጤፍ የተበደረ ቢያንስ እንጀራ ጋግሮ ይበላል። ሳይቸግራት የአቮካዶ መቁረጫ የገዛች ሴት ምን ትጋግርበታለች? አቮካዶ በቢላ የማይቆረጥበት አገር የት ነው?

አቮካዶውስ ይሁን። የማልረሳው ቂሜ ከሶዳዋ ጋር ነው። ከ2,000 ዶላር በላይ የሚጠራበት የድስት ስብስብ አለ፤ የማይዝግ ብረት፣ ብዙ ድርብ፣ «የዕድሜ ልክ» የሚባለው። እሱን የሚሸጠው ሰው የቤቱን እመቤት አሮጌ አሉሚኒየም ድስት ከጓዳ ያስወጣና ውሃ ያደርግበታል፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምርበታል፣ ያፈላዋል። የራሱንም ድስት እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን በሲኒ ቀድቶ «ቅመሱት» ይላል። የአሉሚኒየሙ ብረት ብረት ይላል፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ «እስከ ዛሬ ልጆቻችሁን ይህን ነው ያበላችኋቸው» ይባላል። ሶዳ ያለበት ውሃ ሲፈላ የአሉሚኒየምን ልባስ ይበላል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለመሆኑ ወጡን በሶዳ የሚሠራ ማነው? እናትን በልጇ አስፈራርቶ ድስት መሸጥ ንግድ ከተባለ፣ ንግድ ሌላ ስም ይፈለግለት። አሮጌው ድስት ያሰጋት ሴት የ30 ዶላር የማይዝግ ድስት ከሱቅ ትግዛ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው 1,970 የሰውየው ነው።

ቀጥሎ ተአምሩ ይመጣል፦ «ያለ ዘይት ሽንኩርት ይበስላል!» ጭብጨባ። ይህ እንግዲህ ለሐበሻ ሴት ይነገራል! የዶሮ ወጥ ቁሌት 2 ኪሎ ሽንኩርት ደቆ፣ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በምትል ውሃ ብቻ እየተማሰለ ነው የሚበስለው፤ ቅቤው ኋላ ነው የሚገባው። አያቶቻችን በሸክላ ድስት ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር በወር ክፍያ፣ ከነወለዱ፣ መልሰን እንገዛዋለን። የመርካቶ ነጋዴ እንኳን ዕቃህን ሰርቆ ላንተው ሲሸጥልህ ዋጋ ይቀንስልሃል።

ነገሩ ድሮ መልክ ነበረው። ኧርል ታፐር የሚባለው አሜሪካዊ ታፐርዌር የተባለውን የፕላስቲክ ዕቃውን ሱቅ ደርድሮት አልሸጥ አለው፤ ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም ሰዉ አላወቀበትም። መሃሉን ተጭኖ፣ ጠርዙን ትንሽ ገለጥ አድርጎ፣ አየሩን ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ በእጅ ካላሳዩት ከመደርደሪያ ላይ ማንም አይማረውም። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል፣ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ የዲትሮይት ሴት፣ በየሳሎኑ እያሳየች ሸጠችው፤ ታፐርም በ1951 ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ ሽያጩን ለእሷ ሰጣት። በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፣ ከሴት የመጀመሪያዋ ሆና። በ1958 ደግሞ ታፐር አባረራት። የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው ይዛ የወጣችው፣ 30,000 ዶላር ገደማ፣ አንዲት አክሲዮን ሳይኖራት። በዚያው ዓመት ታፐር ኩባንያውን በ16 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሳሎንሽን የአገር ገበያ ያደረግሽለት ሰው እንዲህ ነው የሚሸኝሽ፤ ኩባንያውም ኖሮ ኖሮ በመስከረም 2024 በአሜሪካ አቆጣጠር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚህ ሁሉ ለሻጭ የምትጠቅመው ክዳኗ ናት። በእጅ ካላሳዩት የማይገባ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ይሸጣል። የአቮካዶ መቁረጫ ማንም ሳያሳየው ይገባዋል፣ ስለዚህ የሱቅ ዕቃ ነው።

ገንዘቡንስ? እንቁጠረዋ። 12 ሰው «እመጣለሁ» ካለ 7 ይመጣል፣ 4 ይገዛል። ሽያጩ 350 ዶላር ሆነ እንበል፣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ፤ 87 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ከዚህ ላይ ቡናው፣ ዳቦው፣ ካታሎጉ፣ ለቤቱ እመቤት የሚሰጠው ስጦታና ቤንዚኑ ይነሳል፤ 60 ከተረፈ ጎሽ። ሰዓቱስ? ስልክ መደወሉ 2፣ ፓርቲው ከነሦስት ዙሩ 4፣ ትእዛዝ ማስገባቱ 1፣ ዕቃ ለይቶ በየቤቱ ማድረሱ 3። 10 ሰዓት ለ60 ዶላር። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2024 ወዲህ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ሽያጩ 600 ቢሆን፣ ጊዜውም ወደ 6 ሰዓት ቢያጥር ነገሩ መልክ ይይዛል፤ ጊዜውን የሚያሳጥረው ደግሞ ዕቃውን የቤቱ እመቤት ዘንድ አውርዶ «መጥታችሁ ውሰዱ» ማለት ነው።

ሥራው የሚሞተው ግን በሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ፓርቲ ቢያንስ ሁለት አዲስ ቀጠሮ ካልተያዘ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እኛ ጋ የእሷ እንግዳ የዚያችኛዋም እንግዳ ናት፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ እቁብ፣ አንድ እድር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰባቱም ሴቶች መላጫ አላቸው። ያኔ ኩባንያው «ዕቃውን ተዪው፣ ሰው አስገቢ» ይላታል። ትርፉ ከዕቃ ሽያጭ መምጣቱ ቀርቶ ሰው ከማስገባት ሲሆን ደግሞ ሕግ ይገባበታል፤ አገር ቤት የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል፣ አሜሪካም ያሳድደዋል። ማስጀመሪያ ተብሎ ገንዘብ የሚጠየቅበት ካርቶን ውስጥ ከዕቃ ይልቅ የምዝገባ ወረቀት ከበዛ፣ ካርቶኑን ዝጉት።

ታክሱም አለ። ወጪው ተቀንሶ በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፈች 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ይጠብቃታል፤ ስለዚህ የመኪናዋን ማይል በደብተር ትያዝ። በ2024 ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነስ ነበር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ደርሶ መልስ ቀላል አይደለም። ለገዢም ሕግ አላት፦ ሻጭ ቤቷ ድረስ መጥታ የ25 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕቃ የሸጠችላት ሴት፣ ጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ሲቀሩ፣ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላለች። በዚህ መብት የተጠቀመች ሐበሻ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀይራለች ማለት ነው።

ጥሪውን ረስቼው። «ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት የወጥ ቤት ዕቃ አሳያለሁ፣ ከ10 እስከ 80 ዶላር፣ ቡናም አለ» ብሎ መጻፍ ምኑ ነው የሚከብደው? ሰባቱ ሦስት ይሆናሉ፤ ይሁኑ፣ ሦስቱ ገዢ ናቸው። ገንዘቡም ሲታዘዝ ይከፈል። «ዕቃው ሲመጣ እሰጥሻለሁ የኔ ቆንጆ» ያለችው፣ ካርቶኑ ሲደርስ ወይ ሽፍት ላይ ናት ወይ አገር ቤት ሄዳለች፤ ስትመለስ ደግሞ «ውይ፣ እሱን እኮ በቅናሽ አገኘሁት» ትላለች።