ያልተፈረመበት ሰዓት

አገር ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ጤና ጣቢያ ተራ ይዛ የተቀመጠች እናት ልጇን የሚያይላት ነርስ ይሁን ጤና መኮንን አትጠይቅም፤ መርምሮ መድኃኒት ከጻፈላት ዶክተሯ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በነርሲንግ ዶክትሬቷን የሠራች ባለሙያ ታካሚ ፊት «ዶክተር እገሊት ነኝ» ብትል፣ እንደ ካሊፎርኒያ ባለ ግዛት ሕግ ሊያስጠይቃት ይችላል። አገር ቤት ሥራው ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል፤ አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል። እዚህ ወረቀቱ ሳይሟላ እጅ ታካሚ አይነካም። ከአገር ቤት ወርድ (የሆስፒታል ሕሙማን ክፍል) ወጥቶ አሜሪካ አድቫንስድ ፕራክቲስ ነርስ፣ ማለትም ከነርስነት በላይ ተምሮ ራሱ የሚመረምርና የሚያክም ነርስ፣ ለመሆን የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ነው እንጂ በእውቀት ማነስ አይደለም።

አንድ ሕፃን እንይ። ዕድሜው አራት ዓመት፣ ክብደቱ 16 ኪሎ፣ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የሕፃናት ሕመም የተቀናጀ ሕክምና መመሪያዋን ትከተላለች። ሕመም አለው ወይ? ፈሳሽ አለው ወይ? ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው? ብላ ትጠይቃለች፤ ከጆሮው ኋላ ያበጠና የሚያም ነገር እንዳለ በጣቷ ትዳስሳለች። እብጠት ከሌለ፣ ሕመሙም 14 ቀን ካልሞላው አጣዳፊ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ መሠረት ባለ 250 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን ሦስት ሦስት እንክብል ጠዋትና ማታ ለአምስት ቀን ትሰጠዋለች፤ በቀን 1500 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ፈሳሽ ካለው ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ እንዴት እንደምታደርቅ ለእናቱ ታሳያታለች፣ በአምስተኛው ቀን ትቀጥራታለች።

አሜሪካ ያለችው ነርስ ፕራክቲሽነር (አንዷ የአድቫንስድ ፕራክቲስ ነርስ ዓይነት) በኦቶስኮፕ፣ በጆሮ መመልከቻ መሣሪያ፣ አይታ የጆሮው ታምቡር ቀልቶ ወደ ውጭ መወጠሩን ታረጋግጣለች። አለርጂ እንዳለው፣ ባለፉት 30 ቀናት አሞክሲሲሊን ወስዶ እንደሆነ ትጠይቃለች። በቀን ለአንድ ኪሎ 90 ሚሊግራም ሲታሰብ 1440 ይመጣል፤ ለሁለት ሲከፈል 720 ይሆናል። በ5 ሚሊሊትር 400 ሚሊግራም ባለው ሽሮፕ ሲለካ 9 ሚሊሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱ ከፍተኛ ስለሆነ ለአሥር ቀን ይታዘዝለታል። በሁለቱ የቀን መጠን መካከል ያለው ልዩነት 60 ሚሊግራም ብቻ ነው።

የሚለያዩት ከበስተጀርባቸው ባለው ነገር ነው። የአሜሪካዋ ነርስ በስሟ የወጣ የማዘዝ ፈቃድ፣ የራሷ መለያ ቁጥርና የራሷ የሙያ ኢንሹራንስ አላት፤ ብትሳሳት ማን እንደሚጠየቅ ተጽፏል። አገር ቤት ያለችው የምትሠራው በመመሪያና በወሰደችው ስልጠና ተደግፋ ነው እንጂ ከማዕረግና ከደረጃ ጋር የመጣ ራሱን የቻለ የማዘዝ ፈቃድ ይዛ አይደለም። ሸክሙ አንድ ሆኖ ሳለ ከለላው አንድ አይደለም።

በአሜሪካ አድቫንስድ ፕራክቲስ ነርስ የሚለውን ስያሜ የያዙት አራት ሙያዎች ናቸው፤ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ነርስ ሚድዋይፍ፣ የሰመመን ነርስና ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የስምምነት ሞዴል ታካሚዎችን በስድስት ዘርፍ ይከፍላል፦ ቤተሰብ፣ አዋቂና አረጋዊ፣ ሕፃናት፣ ጨቅላዎች፣ የሴቶች ጤናና የአእምሮ ጤና። የተማሩት ትምህርት፣ የፕሮግራሙ እውቅና፣ ያለፉት ፈተናና የግዛቱ ፈቃድ ስለ አንድ ዘርፍ መናገር አለባቸው። አሥር ዓመት በአእምሮ ሕክምና ወርድ የሠራ ነርስ በቤተሰብ ዘርፍ ቢማር የአእምሮ ጤና ነርስ ፕራክቲሽነር አይባልም። ሐሳቡን ከቀየረ ተጨማሪ የድኅረ ማስተርስ ሰርተፊኬት መማርና ለአዲሱ ዘርፍ የሚጠየቀውን የክሊኒካል ሰዓት መሙላት አለበት። ስለዚህ «መጀመሪያ ልመረቅ፣ ዘርፉን ኋላ አስብበታለሁ» የሚባለው ምክር ብዙ ወገኖቻችንን ሁለት ጊዜ አስከፍሏል።

ከዚያ በፊት ግን አርኤን፣ ማለትም በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ነርስ፣ መሆን ይቀድማል። እዚህ ላይ የአገር ቤት ሰው የሚሰናከለው በፈተናው ሳይሆን በማስረጃው ነው። ትራንስክሪፕት ከኮሌጁ በቀጥታ የውጭ አገር ትምህርትን ለሚገመግመው ድርጅት መላክ አለበት፤ በባለቤቱ እጅ የመጣ፣ ማኅተሙ ቢያበራም አይቀበሉትም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳው ወይም የአገልግሎት ግዴታው ካልተዘጋ ሬጅስትራሩ ዋናውን ማስረጃ አይለቅም። ይህን ከአገር ሳይወጡ መጨረስ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ ከወጡ በኋላ ግን በውክልና ዓመት ይፈጃል።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ የባሰ ነው። ዲግሪው ላይ 2003 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፎ፣ ፓስፖርቱ ላይ የልደት ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር 1990 ሲሆን፣ ገምጋሚው የሚያየው በ13 ዓመቱ ዲግሪ የያዘ ሰው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በአውሮፓ አቆጣጠር 2011 ብሎ ከጀመረ ደግሞ የስምንት ዓመት ክፍተት ይታየዋል። መፍትሔው ሬጅስትራሩ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ስምም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ በቲና በኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ ይጀምራል፤ ዲግሪው በአባት ስም ሲያበቃ ፓስፖርቱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። የፈተና መግቢያ ደብዳቤና መታወቂያ በስም ካልተስማሙ ከበር ይመልሳሉ። የአርኤን ፈቃድ ፈተናው ኤንክሌክስ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ ጣሪያው አምስት ሰዓት የሆነ ፈተና ነው፤ ለወራት የተዘጋጁለትን ፈተና በአንዲት ፊደል ማጣት ያሳዝናል።

አገር ቤት በነርሲንግ ማስተርስ የሠራ ሰውም አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። የአሜሪካ ሰርተፊኬሽን ፈተና የሚያስቀምጠው በሚፈለገው መንገድ እውቅና ያገኘ የነርስ ፕራክቲሽነር ፕሮግራም ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የተገኘ ማስተርስ ተገምግሞ አቻነት ካገኘ ወደ ድኅረ ማስተርስ ፕሮግራም ሊያስገባ ይችላል፤ ለብቻው ግን ለፈተናው አያበቃም።

ትምህርት ቤት ሲመረጥ ሰው ክፍያውን ያያል። ከክፍያው በፊት ግን ሦስት ጥያቄ አለ። ፕሮግራሙ እውቅና አለው? በምኖርበት ግዛት ተማሪ ለክሊኒካል ልምምድ እንዲያሰማራ ተፈቅዶለታል? ፕሪሴፕተር፣ ማለትም ተማሪውን ክሊኒክ ውስጥ የሚያለማምደውን ባለሙያ፣ የሚያፈላልገው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ያጎሳቁላል። «ራስህ ፈልግ» የሚል ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረ ይለምናል፤ ሳያገኝ ሲቀር ሴሚስተሩ ይዘለላል፣ ምረቃው ይገፋል። ገንዘብ ተቀብለው ፕሪሴፕተር የሚያገናኙ ድርጅቶች የበዙት በዚህ ክፍተት ነው።

ዋናዎቹ ኮርሶች ሦስት ናቸው፤ ከፍተኛ ፓቶፊዚዮሎጂ (በሽታ አካልን እንዴት እንደሚያውክ)፣ ከፍተኛ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) እና ከፍተኛ የአካል ምርመራ። ሦስቱም በየራሳቸው፣ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ትራንስክሪፕቱ ላይ መታየት አለባቸው። የክሊኒካል ሰዓቱ ለፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 500 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነር ፕሮግራሞች መመዘኛ 750 አድርጎታል። በስምንት ሰዓት ቀን ሲካፈል 94 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚወጣ ተማሪ 47 ሳምንት ያስፈልገዋል። ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ጠዋት ክሊኒክ የሚገባ፣ በወሩ መጨረሻ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን ሒሳብ ከመመዝገቡ በፊት ይሥራ። የምሳ ሰዓት አይቆጠርም፣ መንገድም አይቆጠርም። በነርስነት የተሠራ የሥራ ሰዓት አንዱም አይገባም። ፕሪሴፕተሩ ያልፈረመበት ቀን፣ ሃያ ታካሚ ቢታይበት እንኳ፣ እንዳልተሠራ ነው። ሰዓቱን በየቀኑ መዝግቦ በየሳምንቱ ማስፈረም ይበጃል፤ ፕሪሴፕተር ሥራ ይለቅቃል፣ ግዛት ይቀይራል፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ ፊርማ ማግኘት ከባድ ነው።

የሰመመን ነርስነት መንገዱ ሌላ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ፣ ቢያንስ 2000 የክሊኒካል ሰዓትና 600 ሰመመን የተሰጠባቸው ታካሚዎች ይጠየቃሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የገቡ ተማሪዎች የሚመረቁት በዶክትሬት ነው። ሦስት ዓመት ያህል እየሠሩ መማር የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወገናችን በብዛት ወደ ቤተሰብና ወደ አእምሮ ጤና ዘርፍ የሚያዘነብለው ለዚህ ይመስለኛል።

ለቤተሰብ ዘርፍ ሰርተፊኬሽን ፈተና ሁለት አማራጭ አለ፤ ኤኤንሲሲና ኤኤኤንፒሲቢ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ይሰጡታል። የኤኤንሲሲው 175 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይታረሙም፤ ማለፊያው ከ500 350 ነው። የኤኤኤንፒሲቢው 150 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነው፤ 15ቱ አይታረሙም፣ ማለፊያው እስከ 800 በሚሄድ መለኪያ 500 ነው። የመጀመሪያው ምርምርን፣ ፖሊሲንና አመራርን ይጨምራል፤ ሁለተኛው ወደ ክሊኒክ ያደላል። ግዛቶች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ የሚሻለው ለራስ ጥንካሬ የሚስማማው ነው።

ጎበዝ ነርስ ፈተናው ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በልማድ ነው። ለዓመታት «ለሐኪሙ አሳውቅ» የሚለው ትክክለኛ መልስ ነበር፤ አሁን ሐኪሙ ቦታ ላይ የተቀመጠው ራሱ ነው። ጥያቄው የሚፈልገው ምርመራውን፣ የመጀመሪያ ምርጫ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ መቼ ወደ ድንገተኛ እንደሚላክ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሌላም ልማድ አለው፤ ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ወባና ታይፎይድ ነው። ያ በአርባ ምንጭ ሕይወት ያድናል። እዚህ ግን ጥያቄው ውስጥ ጉዞ ካልተጠቀሰ የሚፈለገው ሌላ ነው።

«አለፍክ» የሚለው ወረቀት ከመጣ በኋላም ማዘዝ አይቻልም። ሰርተፊኬሽኑ ወደ ግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ይላካል፣ የአድቫንስድ ፕራክቲስ ፈቃድ ይወጣል፤ የአርኤኑ ፈቃድ ጎን ለጎን ሳይቃጠል መቆየት አለበት። የብሔራዊ መለያ ቁጥሩ በነፃ ነው። ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ የዲኢኤ (የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ለሦስት ዓመት 888 ዶላር ነው፣ የስምንት ሰዓት የሱስ ሕክምና ስልጠናም ይጠይቃል። ከዚያ ቀጣሪውና ኢንሹራንሶቹ ማስረጃውን እስኪያጣሩ ሦስት አራት ወር ሊሄድ ይችላል። ፈተናውን ባለፉ ማግስት የነርስነት ሥራቸውን ለቀው ያለ ደመወዝ የከረሙ አሉ፤ የመጀመሪያ ቀን የተቆረጠበት ደብዳቤ እጅ ሳይገባ መልቀቅ አያስፈልግም።

የግዛት ልዩነትም ቀላል አይደለም። ሜሪላንድ አዲስ ነርስ ፕራክቲሽነር 18 ወር አማካሪ ይዞ ራሱን ችሎ ይሠራል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ከገባ፣ ራሱን ችሎ ለመሥራት በቅድሚያ ከሐኪም ጋር በስምምነት የሠራባቸው ዓመታት ይቆጠራሉ። ሚኒሶታ እንዲህ በስምምነት የተሠራ 2080 ሰዓት ትጠይቃለች። ቴክሳስ ለማዘዝ ከሐኪም ጋር የተፈረመ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ስምምነቱን ካቋረጠ ማዘዙም ይቆማል።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ነርሷ ሎሬታ ፎርድና ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ፕሮግራም የከፈቱት በ1965፣ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሚያደርገውን የሚያደርግ ባለሙያ ማሠልጠን ለእኛ አዲስ አይደለም። ኋላም ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱ መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው ከከተማ ርቀው ባሉ ሆስፒታሎች የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፈዋል። ለጤና መኮንኑ መንገድ ተቀይሷል። ነርሷ ግን ወጥ መንገድ አልተጠረገላትም።

ትምህርቱ የለም ማለት አይደለም። በጨቅላ ሕፃናት፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በቀዶ ሕክምና፣ በአዋቂዎች ጤና ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የሚያሳዝነው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። በጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ ማስተርሷን ይዛ የተመለሰች ነርስ በሚቀጥለው ወር ዲውቲ ፕሮግራም ላይ ስሟን የአዋቂዎች ወርድ ልታገኘው ትችላለች፤ ምደባው በእጥረት እንጂ በዘርፍ ስላልሆነ። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአድቫንስድ ፕራክቲስ ቢያንስ ማስተርስ ይመክራል፤ ማስተርሱ እጃችን ላይ አለ። የጎደለው ከማስተርሱ በኋላ የሚመጣ ማዕረግ፣ ልታዛቸው የምትችላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የተጠያቂነት ወሰንና የደመወዝ እርከን ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተናው እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሲጀመር ብዙ ተቃውሞ ነበረው፤ ዛሬ ተለምዷል። ለስፔሻሊቲ ነርሶችም የማይለመድበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው አገር ቤት ማስተርስ እየተማራችሁ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝርና በየወርዱ የሠራችሁትን ሰዓት የሚገልጽ ደብዳቤ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማና ማኅተም፣ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው የስም አጻጻፍ አሁኑኑ አውጡ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ የታሸገ፣ አንዱ ክፍት።