ከመዝገቡ የጠፉት የት ገቡ?

ኅዳር 22፣ የዓለም የኤድስ ቀን፣ ሲቃረብ የኤችአይቪ ዜና ይበረክታል። ዜናው ደግሞ አንድ ቁጥር ይወዳል፦ መድኃኒት ከሚወስዱት ውስጥ ይህን ያህል በመቶው የቫይረስ መጠናቸው ወርዷል የሚለውን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ለስንት ሰው ተካፍሎ እንደመጣ ካልተጠየቀ ግን ያሳስታል።

ስሌቱን በምሳሌ እንሥራው። አንድ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ባለፉት ዓመታት 1,000 አዋቂዎችን መድኃኒት አስጀመረ እንበል። ዛሬ ክትትል ላይ ያሉት 700 ናቸው። ከእነሱ 600ዎቹ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ምርመራ፣ ተሠራላቸው፤ የ570ዎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሪፖርቱ 95 በመቶ ይላል፣ ይጨበጨባል። ያው 570 ከ1,000 ሲሰላ 57 በመቶ ነው። እሱም ቢሆን እውነቱን አይነግረንም። ከቀሩት 300 ውስጥ የመዛወሪያ ወረቀት ይዞ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የሄደ አለ። ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ያለ ወረቀት ሌላ ከተማ አዲስ ካርድ ያወጣ አለ። የሞተ አለ። አቋርጦ ቤቱ የተቀመጠም አለ። አራቱ «ጠፋ» በሚል አንድ ቃል ከተጠቀለሉ፣ ቁጥሩ በዓመታት ውስጥ ቢሻሻል የተሻሻለው ሕክምናው ይሁን ወይም የታመሙት ከመዝገቡ ወጥተው ይሁን መለየት አይቻልም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ቅድሚያ የሚያገኘው ሲዲ ፎሩ (በሽታ የሚከላከለው የደም ሴል ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ፣ ማለትም በጠና የታመመ ሰው ነበር። መነሻው በኋላ ወደ 350፣ ከዚያም ወደ 500 ከፍ አለ፤ ከ2009 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ደግሞ የተመረመረና ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምራል። ስለዚህ የ1998ን ጀማሪ ከ2010 ጀማሪ ጋር አስቀምጦ «ሞት ቀነሰ» ማለት የተለያዩ ሰዎችን ማወዳደር ነው። ትክክለኛው ንጽጽር በጀመሩበት ዓመትና ሲጀምሩ በነበራቸው ሲዲ ፎር ተለይቶ የሚሠራ ነው። የስርጭት መጠንም እንዲሁ ብቻውን አይነበብም። በአገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ላይ በ1997 ዓ.ም. 1.4 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 0.9 በመቶ ነበር። ነገር ግን ሰው በመድኃኒቱ ረጅም ዕድሜ ሲኖር ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው ቁጥር ያድጋል፤ ያ ደግሞ የምሥራች ነው።

ወደ ጎንደር እንምጣ። እዚህ ሰው ከክትትል የሚጠፋበት ወቅት ይታወቃል፤ የሰሊጥ ወቅት ነው። የቀን ሠራተኛው ለአረም በሐምሌ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ አጨዳው ሲያልቅ ኅዳር ላይ ይመለሳል። ቀጠሮው መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ከዋለ አይመጣም፤ በእነዚህ ዓመታት ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መምጣት ቢፈልግም አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሕክምናው የረጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ስለሚችል፣ ሰኔ ላይ ሰጥቶ ታኅሣሥ መቅጠር ነው።

እዚህ ላይ ግን ጳጉሜን አትርሱ። ሰኔ 20 ቀን 180 ፍሬ ተሰጥቶት «ታኅሣሥ 20 ተመለስ» የተባለ ሰው መሐል ያሉትን ቀኖች ቢቆጥር 185 ናቸው፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን 186። አምስት ቀን ያለ መድኃኒት ይከርማል ማለት ነው። ወይ ቀጠሮውን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ማድረግ፣ ወይ ፍሬ መጨመር ነው። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ነው ሰውን ቀጠሮ አዛንፎ ተወቃሽ የሚያደርገው።

ጸበልን በተመለከተ ብዙ አልልም። አቡነ ጳውሎስ ሳይቀሩ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ለጾመኛም ዶሉቴግራቪር ያለበት የዛሬው መድኃኒት ምግብ ቢበላም ባይበላም ይወሰዳል።

ብዙም የማይነሳው ጉዳይ እርጅና ነው። በ1997 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ የጀመረ ሰው ዛሬ 55 አልፎታል። ደም ግፊትና ስኳር ይዞ ይመጣል፤ የስኳር መድኃኒቱን ግን ከሌላ ክፍል፣ ከሌላ ሐኪም ይቀበላል። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በደም ውስጥ እንዲበዛ ስለሚያደርግ የሜትፎርሚኑ መጠን በአብዛኛው በቀን ከ1,000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ሁለቱ ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ካርድ ካላየ ይህን ማን ያስተውላል? ለጨጓራ የሚወሰደው አንታሲድም የዶሉቴግራቪርን ወደ ደም መግባት ስለሚያውክ፣ የኤችአይቪው መድኃኒት አንታሲዱ ከመወሰዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ከተወሰደ ስድስት ሰዓት ቆይቶ መወሰድ አለበት።

አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን ስታግድ በመጀመሪያ ሥራው የተናጋው እንክብሉን የሚያድለው ሳይሆን ስልክ ደውሎ፣ ቤት ድረስ ሄዶ የቀረውን የሚያፈላልገው ሠራተኛ ነው። ለእሱ ደመወዝ ከክልልም ሆነ ከከተማ በጀት ይመደብ። መዝገቡም ላይ «ጠፋ» የሚለው ዓምድ በአራት ይከፈል፦ ተዛወረ፣ ሞተ፣ አቋረጠ፣ ገና አልተገኘም። በየሦስት ወሩ የሚላከው ሪፖርት 95 በመቶውን ሲጽፍ ከጎኑ እነዚህን አራት ቁጥሮች ያስቀምጥ።