ፓስወርድ ላይ ፍጥነት የሚጠቅመው ሌባውን ነው

ከኮምፒውተር ሁሌም የምንፈልገው ፍጥነት ነው። የይለፍ ቃል ጥበቃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ሆን ተብሎ መዘግየት አለበት።

ደህና ሲስተም ፓስወርዳችንን እንዳለ አያስቀምጥም። መፍቻ ቁልፍ በሌለው ስሌት፣ በሃሽ፣ ቀይሮ ነው የሚይዘው። ዳታቤዙ ሲሰረቅ ሌባው ያለው መንገድ መገመት ነው። አንድ ቃል ይይዛል፣ ያሰላል፣ ያመሳክራል። በሰከንድ ስንት ጊዜ ነው መሞከር የሚችለው? ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አርቲኤክስ 4090 የተባለው የጌም ካርድ ኤምዲ5 በተባለው አሮጌና ፈጣን የሃሽ ስሌት በሰከንድ ከ160 ቢሊዮን በላይ ግምት ይሞክራል። ከስምንት ትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚሠሩት ቃላት በሙሉ 209 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ሁለት ሰከንድ አይሞላም፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የተሠራው የሃሽ ስሌት ቢክሪፕት በደረጃ 12 ሲሆን ግን (ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ስሌቱ ይዘገያል) ያው ካርድ በሰከንድ 1,400 ገደማ ብቻ ይሞክራል። ለዚያው ሥራ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እኛ ስንገባ ደግሞ መዘግየቱ ከሰከንድ በታች ነው፣ ልብም አንለውም።

አሽሊ ማዲሰን የተባለው የፍቅር መፈለጊያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ዳታቤዙ ተሰርቆ የደረሰበት ሁሌም ያናድደኛል። ፓስወርዶቹ በቢክሪፕት ደረጃ 12 ነበር የተቀመጡት፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚያው ፓስወርድ በኤምዲ5 የተሠራ ሌላ መለያ ኮድ ጎን ለጎን ተቀምጦ ተገኘ። ሰባሪዎቹ ቢክሪፕቱን ትተው በዚያ በኩል ሄዱ፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ ፓስወርድ በቀናት ውስጥ ተፈታ። አንድ ቦታ የተረሳ ፈጣን ስሌት የዘገየውን ሁሉ ከንቱ አደረገው።

«ሰርቨሩን ያጨናንቃል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነት አላቸው። መፍትሔው ግን የመግቢያ ሙከራዎችን መገደብ እንጂ ስሌቱን ማፍጠን አይደለም። «123456» ለሚል ሰው በእርግጥ የትኛውም መዘግየት አያድነውም፤ የሌባው የመጀመሪያ ግምት እሱ ነው።

ካርዶች በየጊዜው ስለሚፈጥኑ ደረጃውም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ለአዲስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የፓስወርድ ሃሽ ስሌቶችን ውድድር ያሸነፈው አርጎን2 አለ፤ ሜሞሪም ስለሚበላ ካርዶቹን ይበልጥ ያስቸግራል። በኤምዲ5 የተቀመጠ የቆየ ዳታቤዝ ያለውም ቢሆን ደንበኞቹ ተመልሰው እስኪገቡ መጠበቅ አይኖርበትም። ያለውን ሃሽ ዛሬውኑ በዘገምተኛው ስሌት መጠቅለል፣ ሰውየው ሲገባ ደግሞ በአዲስ መተካት ይችላል።