መሸኛ ካላመጣሽ

የክርክሩ ርእስ፦ «ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ ላላመጣ ሰው መታወቂያ አይሰጠውም የሚለው አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል።» የምትደግፈው ከደሴ መጥታ አዲስ አበባ የምትኖር ተከራይ ናት። የሚቃወሙት በወረዳ መዝገብ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

ተከራይዋ፦ አንቀጽ 32 አጭር ነው። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት ነፃነት አለው ይላል። «መሸኛ ካመጣ» የሚል ነገር የለውም፤ ወረዳ ነው የጨመረበት። መሸኛው ደግሞ የሚጻፈው ደሴ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር። የድሮ መታወቂያሽን አስረክበሽ፣ ፎቶ ተለጥፎ ማኅተም አርፎበት ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ መንገድ ካለ ማለቴ ነው። በ2015 ከሰሜን የሚመጣ መንገደኛ መታወቂያው እየታየ ከአዲስ አበባ መግቢያ ይመለስ እንደነበር የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር ተናግሯል። የሚያናድደኝ ሌላው፣ የኪራይ ውሌን በ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት የመዘገበው ይኸው ወረዳ መሆኑ ነው። አንዱ መስኮት አከራይሽ እገሌ፣ የቤት ቁጥርሽ ይህ ብሎ ማኅተም ይመታል፤ ቀጥሎ ያለው መስኮት «የእኛ ነዋሪ አይደለሽም» ይላል። ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? የአከራዩ የአክስት ልጅ ነኝ ብሎ ቅጽ ይሞላል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ አንቀጽ 32ን እኔም አንብቤዋለሁ። ማን ከደሴ አትምጪ አለሽ? መጥተሻል፣ ተከራይተሻል፣ እየኖርሽ ነው። መብትሽ የቱ ጋ ነው የተጣሰው? መሸኛ የሚጠየቀው አንድ ሰው እዚህም እዚያም መታወቂያ እንዳይዝ ነው። በአንድ ፎቶ የተለያየ ስም የያዘ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ይልቅ ያቺ የመጨረሻዋ ነገርሽ ናት የገረመችኝ። «የአክስት ልጅ ነኝ ብሎ ቅጽ ይሞላል» አልሽ፣ ያውም በኩራት። አንቺስ ምን ብለሽ ሞላሽ?

ተከራይዋ፦ በመጀመሪያ እኔ ልጅዎ አይደለሁም። ሥጋትዎ ሁለት መታወቂያ ከሆነ፣ ጣቴንና ዓይኔን ሰጥቼ ፋይዳ አውጥቻለሁ። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ተብሎ አይደል እንዴ በአዋጅ የመጣው? መሣሪያው ለይቶ የሚያውቀኝን ሰው የደሴ ጸሐፊ በደብዳቤ ማስተዋወቅ አለበት? በደርግ ጊዜ ገበሬው ከቀበሌው ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። መንግሥቱ ሄደ፣ ልማዱ ቢሮ ውስጥ ቀረ። አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ልማዳዊ አሠራርም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል።

ጡረተኛው፦ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ እንግዲያው «እርስዎ» ልበልዎ። ጥያቄዬን ዘለሉት፤ ምን ብለው ሞሉ? ፋይዳ ማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ የት እንደሚኖሩ አያረጋግጥም። የከተማዋ መታወቂያ ደግሞ ተራ ካርድ አይደለም። ሰው ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው በእሱ ነው፤ ከሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት የሚገዛው በእሱ ነው። በ2005 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ዕጣ ያልወጣለት ስንት ሰው እያለ፣ ትናንት በአክስት ልጅነት የገባ ይቅደመው? ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ቢሆን አንቀጽ 12 ላይ ለሕዝብ ጸጥታና ለሌሎች መብት ሲባል ገደብ ይፈቅዳል።

ተከራይዋ፦ ግማሹን ነው ያነበቡልን። ገደቡ በሕግ የተደነገገ ይሁን ይላል፣ እዚያው ላይ። መሸኛን የደነገገው የትኛው አዋጅ ነው? ስንተኛው አንቀጽ? የአክስት ልጇን ነገር ካልተዉ ደግሞ ይስሙ፦ አከራይ ዘመዴ ናት ካላለ አንመዘግብም ያሉት የእርስዎ ባልደረቦች ናቸው። «ዝምድና» የሚለውን ቦታ ባዶ አትተይው ያለችኝ ቅጹን ያቀበለችኝ ልጅ ራሷ ናት።

ጡረተኛው፦ ይኸው! በገዛ አፍዎ ወጣ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን መዝገብ የጠበቅሁት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። መመሪያ አለ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው ያለው። በሐሰት ቅጽ ከሚሞላ ሰው ጋር ግን ስለ ሕገ መንግሥት መነጋገር ይከብደኛል።

ተከራይዋ፦ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለ ለምን ግድግዳው ላይ አይለጠፍም? የምንከራከረው ስለ መኖር ነበር፤ እርስዎ ጎትተው የኮንዶሚኒየም ወረፋ አደረጉት። የሚያስጨንቅዎ ወረፋው ከሆነ፣ ለኮንዶሚኒየም አልመዘገብም ብዬ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ጡረተኛው፦ ይፈርሙ። ልጅ ትምህርት ቤት ሊያስገቡ ሄደው የነዋሪነት መታወቂያ ሲጠየቁ የፈረሙበትን ወረቀት ያሳዩዋቸው።