ማን ቀድሞ «እንመለስ» ይበል?

በቦስተንና በአካባቢዋ የምንኖር አበሾች በበጋ ቅዳሜ ተጠራርተን ወደ ኒው ሃምፕሻየር ተራሮች መውጣት ለምደናል። የሁሉም አውራ የዋሽንግተን ተራራ ነው። ቁመቱ 1,917 ሜትር ነው ሲባል ከመካከላችን የማይስቅ የለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና። «እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ይፈራል?» ይላል አንዱ ቆሎውን እየቆረጠመ።

ተራራው የሚፈራው ግን በቁመቱ አይደለም። ከየአቅጣጫው የሚመጣ ማዕበል የሚገናኘው እዚያ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1934 ጫፉ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ ተመዝግቧል። ዛፉ አልቆ ድንጋዩ በሚጀምርበት አካባቢ የተተከለው ቢጫ ሰሌዳም አያባብልም፦ ከዚህ በላይ ያለው የአየር ጠባይ በአሜሪካ የከፋው ነው፤ በበጋ እንኳ ብዙ ሰው በብርድ ሞቷል፤ አየሩ ከከፋ አሁኑኑ ተመለስ።

ጉሙ ወርዶ ዝናቡ ወደ ጎን መምታት ሲጀምር ፈረንጁ ሰማዩን አየት ያደርግና «እኔ በቃኝ» ይላል። ጓደኞቹ አብረውት ይወርዳሉ፤ የሚቀየም የለም። እኛ ዘንድ ሁሉም መመለስ ይፈልጋል፣ ማንም አይናገርም። የአንዱ ጂንስ ሱሪ ውሃ ጠጥቶ ጭኑ ላይ ተጣብቋል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ «ደህና ነህ?» ሲሉት «እኔማ ምንም አልል፣ ለእናንተ ነው እንጂ» ይላል። (የራሰ ጥጥ ከብርድ እንደማያድን የመንዝ ሰው ያወቀው ድሮ ነው፤ በርኖስና ባና ከበግ ጠጉር የተሠሩት በከንቱ አይደለም።)

አገር ቤት በዚህ አንቸገርም፤ የሚወስንልን አለና። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲገባ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አብሮ ይወጣል። ጊጭ ሜዳ ላይ፣ ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል መሀል፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ሲወርድብን የእኛው ስካውት ጋቢውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «ልጆች፣ ዛሬ አይሆንም» አለና ፊቱን ወደ ካምፑ መለሰ። በልባችን ተመስገን፣ በአፋችን ግን «ምናለ ትንሽ ብንሞክር» እያልን ተከተልነው።

አሜሪካ መረጃውን ይሰጣል፣ ወሳኙን ግን አይሰጥም። ጫፉ ላይ ያለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ለተራሮቹ ተብሎ የተዘጋጀ ትንበያ በየዕለቱ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የራስ ጉዳይ ነው። በኒው ሃምፕሻየር በግድየለሽነቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው የነፍስ አድኑን ወጪ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ጉም ውስጥ የጠፋ መንገደኛ ፍለጋ ባትሪ ይዞ የሚወጣው የእኛ ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም።

ስለዚህ አሁን አሁን ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለን ስካውት እንሾማለን። ባለፈው ወር ዕጣው የወጣው ከሁላችን ለምታንሰው ልጅ ነበር፤ ዛፉ ሳያልቅ መለሰችን። ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ «ይህን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠልነው ለዚህ ነው?» እያሉ እስከ ቦስተን አጉረመረሙ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ቀድመው የከፈቱት ግን እሳቸው ነበሩ።