ልጆቹ መጀመሪያ ይናገሩ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይማራሉ። 7ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስከዚያው እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ያመጣው ነው። ስለዚህ ለመዘጋጃ ስድስት ዓመት አለን። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ትንንሾቹን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን ጊዜ ልጆቹን ዝም አሰኝተን ከሰሌዳ በማስገልበጥ እያባከንነው ነው ባይ ነኝ።

ትንሽ ልጅ እንግሊዝኛ አይፈራም። ዘፈን ስጡት፣ ከጓደኛው ጋር አጫውቱት፣ አፉን ይፈታል። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት ልጅ በቅርቡ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ሂ ቴክ ማይ ፔንስል" አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዓረፍተ ነገሩን ከየትም አልገለበጠችውም። የምትናገረው ነገር ስላላት ራሷ ሠራችው። ተሳስተሻል አላልኳትም። "ኦ፣ ሂ ቱክ ዩር ፔንስል?" ስላት፣ "የስ፣ ሂ ቱክ!" ብላ አስተካከለችው። እርሳሷም ተመለሰላት።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል። አማርኛ ማንበብ የቻለ ልጅ በዚያው ልማዱ "ናይፍ" (knife) የሚባለውን የቢላውን ስም "ክናይፍ" ብሎ ያነበዋል። ይህ የጎበዝ ልጅ ስህተት ነው። ክፍሉ ግን በሳቅ ያውካል፤ አንዳንዴ ሳቁን የምንጀምረው እኛው መምህራን ነን። ልጁ ከዚያ ወዲያ አንብብ ቢባል አንገቱን ይደፋል። ያንን አንገት ቀና ማድረግ ወራት ይፈጃል።

ወላጆችም አንዳንዴ ይመጣሉ። "ቲቸር፣ የልጄ ደብተር ባዶ ነው እኮ፣ ምን እየተማረ ነው?" አልፈርድባቸውም፤ ቤት የሚደርሰው ደብተሩ ነው። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናም ቢሆን ወረቀት ላይ ነው፤ "እስቲ ተናገር" የሚለው የለም። ልጆቹን በማይናገሩት ቋንቋ ሳይንስ ተማሩ ስንላቸው ግን ይጨንቃቸዋል።

የክፍሉ ብዛትም አለ። በ40 ደቂቃ ከ50 በላይ ልጅ ተራ በተራ ላናግር ብል ለአንዱ ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ሁለት አድርጎ እርስ በርስ ማነጋገር ግን ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ይንጫጫሉ፣ ይንጫጩ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመቶው ቢያንስ 20ው ለንግግር ይያዝ፤ ማርክ ያለበትን ነገር ወላጅም ትምህርት ቤትም ይከታተለዋል። ወላጆች እንግሊዝኛ ባትችሉም፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስትሄዱ በሁለት ቋንቋ የተጻፉትን ታፔላዎች አስነብቧቸው። ርዕሳነ መምህራንም ከክፍላችን ጫጫታ ስትሰሙ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሚንጫጩ አዳምጡልን።